ትምህርት ቤት ልትከፍት ለተነሳች የወንድሜ ልጅ

ልጄ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ለቤት ሠራተኞችና በየማሳው ለተቀጠሩ የቀን ሠራተኞች የማታ ትምህርት ልትከፍቺ መሆኑን አባትሽ ነግሮኛል። ምን መጽሐፍ ያስፈልገኛል ብለሽ ጠይቀሻል። መጽሐፉን ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ጠይቂ፤ እኔ የምነግርሽ ሌላ ነው። ሰው ከጌታ እጅ ወጥቶ የራሱ ሰው በሆነ ማግስት ማን ትምህርት ቤት ከፈተለት? የትኛው ሥር ያዘ፣ የትኛው በመዝገብ ላይ ብቻ ቀረ? አንቺ የምታስተምሪያቸው ልጆች ባሪያ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ሆኖም ጎህ ሳይቀድ የሰው እሳት የምታነድ፣ ደሞዟን ሌላ ሰው የሚቆጥርላት ልጅ ከዚያ ታሪክ የምትማሪላት ብዙ ነገር አለ። ጡረታ የወጣ መምህር ነኝና ነገሬን በቁጥር ካልከፈልኩ አይረጋልኝም።

1. የቆምሽበትን መሬት እወቂ።

ይፋታችን የባሪያ ነጋዴ መንገድ ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ የተያዙ ሰዎች የረር አካባቢ በነበረው በሮጌ ገበያ አልፈው፣ ከአንኮበር ሥር ወዳለው አልዩ አምባ ይመጡ ነበር። የሰው ገበያው ከአልዩ አምባ አጠገብ፣ አብዱል ረሱል በሚባለው መንደር ይውል ነበር። ከዚያ በፋሬ በኩል ወርደው፣ የአፋርን በረሃ አቋርጠው ታጁራ ይደርሳሉ፤ ከታጁራ በጀልባ ወደ ዓረብ አገር ይሻገራሉ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር የከረሙት ሚስዮናዊው ክራፕፍና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስ ይህን ንግድ በዓይናቸው አይተው ጽፈውታል።

በእኛ አገር ሰባት ቤት ዘሩን የማይቆጥር ሽማግሌ የለም። አንዱ የጦር አበጋዝ ልጅ ነው፣ አንዱ የሼህ፣ አንዱ የደብተራ። የደላላ ልጅ ነኝ የሚል ግን ሰምቼ አላውቅም፤ የተሸጠ ሰው ልጅ ነኝ የሚልም እንዲሁ። የሚነገረው ሌላው ስለ ሌላው ሲሆን ብቻ ነው፣ ያውም ሠርግ ሲቀርብ፣ በሹክሹክታ። ይህን ክፍል ውስጥ ገብተሽ አታንሺው። ግን አንዷ ልጅ ከሌላዋ አጠገብ አልቀመጥም ባለችሽ ቀን ነገሩ ከየት እንደመጣ ሳይገባሽ እንዳትቀሪ።

2. አዋጅ ወጣ ማለት ትምህርት ቤት ተከፈተ ማለት አይደለም።

ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገባች። በዚያው ዓመት መጋቢት 22 ቀን አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ባሪያዎች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበትን አዋጅ አወጡ። ቀስ በቀስ ስልሽ በእውነት ቀስ በቀስ ነው፤ ጌታው ቢሞት እንኳ ባሪያው በወራሾቹ እጅ እስከ 7 ዓመት ሊቆይ ይችል ነበር። ነፃ ለወጡት ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ቤት ተከፈተ። አሳቡን አላጣጥልም። መሬት የሌለው፣ ዘመድ የሌለው፣ ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ሂድ ነፃ ነህ ቢሉት የሚያውቀው መንገድ ወደ ጌታው ደጅ የሚመልሰውን ብቻ ነው፤ ያን የተረዳ ሰው ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

ግን አንድ ትምህርት ቤት፣ ያውም ዋና ከተማ ላይ! ከጅማ፣ ከካፋ፣ ከወላይታ ተይዞ የመጣ ሰው ስንቱ ደረሰበት? ከይፋት ቆላስ ማን ወጣ? ከዚያ ጣሊያን መጣ። ባርነትን ላስቀር ነው የመጣሁት እያለ አገር የሚወር ጦር ምን ያህል እንደሚያሳፍር ለአንቺ አልዘረዝርም። ባርነት በሕግ ሙሉ በሙሉ የቀረው ከነፃነት በኋላ፣ ነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። ሕጉ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ነበር እንበል፤ ሕጉ ከመጣ በኋላ ግን በየወረዳው ለእነዚህ ሰዎች ተብሎ የተሠራ ክፍል ወዴት አለ? ስለዚህ ወረዳው ፈቃድ ሰጠኝ፣ ማኅተም አረፈበት ብለሽ አትደሰቺ። ማኅተሙ የሥራሽ ትንሹ ክፍል ነው።

3. የተማረችው ልጅ ራሷ አስተማሪ የምትሆንበትን ትምህርት ቤት ተመልከቺ።

ይህ የምክሬ ዋናው ነው፣ እዚህ ላይ ረዘም ብል ታገሺኝ።

ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ሂካ የሚባል ልጅ ነበር። በልጅነቱ ተሰረቀ፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምፅዋ ደረሰ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1870 ሙንዚንገር የሚባለው ስዊዘርላንዳዊ ነፃ አወጣውና ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ ላይ ለስዊድን ወንጌላዊት ሚስዮን ሰጠው። ስሙ ኦነሲሞስ ነሲብ ተባለ። ሚስዮኑ ለእንዲህ ያሉ ልጆች ትምህርት ቤት ነበረው። ልጁ ተማረ፤ ስዊድን ድረስ ሄዶም ተማረ።

አስቴር ጋኖ ደግሞ ሕፃን ሳለች ተይዛ ወደ ዓረብ አገር ስትጋዝ እ.ኤ.አ. በ1886 የጣሊያን መርከብ ባሕር ላይ ደርሶ አስጣላት፤ እሷም እምኩሉ ገባች። ያቺ ልጅ አድጋ ምን ሠራች መሰለሽ? 15,000 ያህል የኦሮምኛ ቃላት ለቅማ መዝገበ ቃላት አሰናዳች። 500 ያህል ዘፈን፣ ተረትና ምሳሌያዊ አነጋገር ከትዝታዋ ጻፈች። የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1894 ከኦነሲሞስ ጋር አሳተመች። እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም የሁለቱ ሥራ ነው፤ የኦነሲሞስ ስም ጎልቶ የእሷ ስም ለረጅም ጊዜ ተሸፍኖ መቅረቱን ግን ልብ በዪ። እንግዲህ አስቢው፤ ከአገሯ በሕፃንነት የተነጠቀች ልጅ አገሯን በቃላት መልሳ ሰበሰበችው።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ለአንቺ የሚያስፈልግሽ። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምት ገቡ። የነቀምቱ ገዥ ኩምሳ ሞረዳ ተቀበሏቸው፣ እነሱም ትምህርት ቤት ከፈቱ። ስዊድኖቹ እምኩሉ ላይ የከፈቱት የመጀመሪያው ትምህርት ቤት የእንግዳ ሰው ችሮታ ነበር፤ ሁለተኛውን፣ የነቀምቱን፣ የከፈቱት ራሳቸው ተሽጠው የነበሩት ናቸው። አንድን ትምህርት ቤት በተማሪ ብዛት አትለኪው። ከተማሪዎቹ ስንቱ ሌላ ትምህርት ቤት ከፈተ ብለሽ ለኪው።

በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ እኔም ቆላ ወርጄ አስተምሬ ነበር። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ተጀምሮ እስከ 15 ቋንቋ ደርሶ ነበር፤ ቀላል ሥራ አልነበረም። ያየሁትን ልንገርሽ። እኛ ዘማቾቹ ስንመለስ ትምህርቱ ያልተቋረጠው ከመንደሩ ሰው መሃል የሚያስተምር በተገኘበት ቦታ ነበር። ሌላው ቦታ ላይ ጥቁር ሰሌዳው ቀስ ብሎ የቡና ማስጫ ሆነ።

4. በሚያልሙበት ቋንቋ ጀምሪ።

ክፍልሽ ውስጥ አማርኛ ብቻ አይኖርም። አርጎብኛ የምትናገር ትኖራለች፣ ከጂሌ በኩል ኦሮምኛ ይዛ የመጣች ትኖራለች፣ አፋርኛ የሚናገር የግመል እረኛ ሊኖር ይችላል። ትምህርቱ በአማርኛ ነው ብለሽ ከመጀመሪያው ቀን ብትጀምሪ ዝም ይላሉ፤ ዝም ያለ ተማሪ ደግሞ የገባው ይመስላል።

ስለ ቋንቋ አንድ ታሪክ ልንገርሽ፤ እ.ኤ.አ. በ1888 የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ባሪያ የጫኑ ጀልባዎችን ያዘ። ከተረፉት የኦሮሞ ልጆች 64ቱ በኤደን በኩል ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ወደሚባለው የሚስዮን ትምህርት ቤት ተወሰዱ። ከመካከላቸው ቢሾ ጃርሳ የተባለችው አድጋ መምህር ሆነች፣ እዚያው ቀረች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር ነው። አፓርታይድን በመቃወሙ ሮበን ደሴት 10 ዓመት ታሰረ፤ በእስር ቤት እስረኞች እርስ በርስ እንዲማሩ ያደርግ ነበር፤ ከወጣ በኋላም ዕድሜውን የሰጠው ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩ ለሚለው ጉዳይ ነው። ቋንቋዋን ባሕር ላይ ያጣች ሴት የልጅ ልጅ በዚህ ጉዳይ ላይ መሥራቱ እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለኝም። (ሸዋ ሮቢት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ማረሚያ ቤቱን ነው። የማታ ትምህርትሽ እግር ካወጣ እዚያም ማስተማር እንደሚቻል አስቢበት። ይህ ግን ለሌላ ጊዜ።)

5. በሩ ላይ የምትጽፊው ስም።

“የቤት ሠራተኞች ትምህርት ቤት” ብለሽ እንዳትጽፊ። ነፃ የወጡ ባሪያዎች ትምህርት ቤት በሚባል ደጅ የሚገባ ልጅ በየቀኑ ምን እየተባለ እንደገባ አስቢ። ሮቢ ወንዝ የማታ ትምህርት ቤት በዪው፤ ማን እንደሚማርበት ማንም አይጠይቅም። ምዝገባ ላይ የማን ቤት ሠራተኛ ነሽ የሚል መስመር አታስገቢ። የራሷ ስም፣ የአባቷ ስም፣ ዕድሜዋ። በቃ። የአባቷን ስም የማታውቅ ብትመጣ የእናቷን ጻፊ፤ መዝገብሽ ያንን ይችላል።

6. ያላቸውን ያዋጡ፤ የመንግሥትን ድርሻ ግን እነሱ ላይ አትጣዪ።

ቡከር ቲ. ዋሽንግተን በባርነት የተወለደ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1881 አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ተስኪጊ ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ። ሕንፃ የሚሠሩበት ጡብ ስላልነበራቸው ራሳቸው ሊተኩሱ ተነሱ። ተማሪዎቹ ጭቃ እስከ ጉልበት ገብተው ጡብ መምታቱን ጠሉት። የመጀመሪያው ተኩስ ከሸፈ፣ ሁለተኛው ከሸፈ፣ ሦስተኛውም። ዋሽንግተን የእጅ ሰዓቱን በ15 ዶላር አስይዞ አራተኛውን ሞከረ፤ ተሳካ። ከዚያ በኋላ ጡባቸውን የሚገዛው በዙሪያው ያለው ነጭ ሁሉ ሆነ። ትምህርት ቤቱን የጠላ ሰው እንኳ ጡቡን ሊገዛ ሲመጣ ሰላም ማለት ነበረበት።

ኋላ ሮዘንዋልድ የሚባል ባለጸጋ ነጋዴ ከዋሽንግተን ጋር ተስማምቶ ለጥቁሮች የገጠር ትምህርት ቤት ማሠራት ጀመረ። እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ድረስ 5,000 ገደማ ተሠሩ። ሰው ሁሉ የሮዘንዋልድ ትምህርት ቤት ይላቸዋል። ሮዘንዋልድ የሰጠው ግን 4.3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ድሆቹ የጥጥ ገበሬዎች ያዋጡት ከ4.7 ሚሊዮን በላይ ነው። እንቁላል ሸጠው፣ የጥጡን አንድ ማሳ ለትምህርት ቤቱ ብለው ለይተው፣ እንጨት ቆርጠው። ስሙ የወጣው ግን ለማን እንደሆነ አየሽ?

እዚህ ላይ አንድ የሚቆጨኝ አለ። እነዚህ ሰዎች ግብር ከፋዮች ነበሩ። ግብራቸው የነጮቹን ትምህርት ቤት ይሠራል፤ የራሳቸውን ለመሥራት ደግሞ ድጋሚ ይከፍላሉ። ሕዝብ ያዋጣ ሲባል ሁልጊዜ እሱን አስታውሳለሁ። አንቺ ቅሬውን ለምኚ፣ ማሾ ነጋዴዎቹን ለምኚ፣ ተማሪዎቹም ወንበር ይጠግኑ፣ ግድግዳ ይምረጉ፤ የራሴ ነው የሚሉት እጃቸው ሲያርፍበት ነው። የመምህር ደሞዝና ጠመኔ ግን የወረዳው ዕዳ ነው። ለጎልማሶች ትምህርት የተመደበ በጀት አለ፤ ለዚያ ሥራ የተቀመጠ ባለሙያም አለ። በየሩብ ዓመቱ ደብዳቤ ጻፊ፤ ግልባጩን ያዥ።

7. ስፌትና ወጥ ይበቃቸዋል ለሚልሽ።

ዋሽንግተን አስቀድሞ እጃቸውን እናሠልጥን ይል ነበር። ዱ ቦይስ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1903 ባወጣው መጽሐፍ ተነስቶ ሞገተው፤ ምርጫውን ስትነፍጉት ሰውየውን ለዘላለም አገልጋይ አድርጋችሁ አስቀራችሁት አለ። ሁለቱም ከፊል እውነት ነበራቸው የሚል ሽማግሌ ብትጠብቂ እኔ ያ አይደለሁም። እኔ ከዱ ቦይስ ጋር ነኝ። ወጥ መሥራት ልጅቷ ታውቃለች፤ ከአንቺም በላይ ታውቃለች። አሠሪዋ የፈረመችባትን ውል ማንበብ፣ የወር ደሞዟን ከቀረባት ጋር ማስላት፣ 8ኛ ክፍል ፈተና መቀመጥ፣ ከዚያም በላይ መሄድ ነው የምትፈልገው። ለምን እንደምትፈልግ እንኳ አትጠይቂያት።

8. የሚከለክሉሽ።

አሜሪካ፣ ሜምፊስ ላይ እ.ኤ.አ. ግንቦት 1866 በተነሳው ግርግር 46 ጥቁሮች ተገድለዋል፤ ከተቃጠሉት ቤቶች መሃል 12 ትምህርት ቤት ነበር። ለምን ትምህርት ቤት? ነፃ የወጣ ሰው ደሞዝ ቢጠይቅ ልትቀጪው ትችያለሽ፤ ያነበበ ሰው ግን ሕጉን ያነብብሻል። ኦነሲሞስም ነቀምት ላይ በተከሰሰ ጊዜ እንዳይሰብክ ተከልክሎ ነበር። ማስተማሩን ግን አልተወም፤ የፈቀዱለትን በር አጥብቆ ያዘ።

የአንቺ ተቃዋሚዎች እሳት አይለኩሱም። “ማታ ማን እራት ያቀርብልኛል?” ነው የሚሉሽ። አትጣዪአቸው። እያንዳንዷን የቤት እመቤት ቤቷ ሄደሽ አናግሪያት፤ ቡና ካፈላችልሽ ጠጪ፣ አቦሉን ብቻ ጠጥተሽ አትነሺ፣ እስከ በረካው ቆዪ። ከሳምንቱ ሦስት ምሽት ለምኚ፤ አምስት ጠይቀሽ ሦስት ብታገኚ ደግ ነው። ጥቂቶቹ ራሳቸው የማያነቡ ናቸው፤ እንዲህ ያለችውን እንዳታሳፍሪያት ተጠንቅቀሽ አንቺም ነዪ በያት። ከሠራተኛዋ ጋር አንድ ክፍል አልቀመጥም ካለችሽ ሌላ ሰዓት ስጫት፤ በኋላ ራሷ ትቀላቅለዋለች።

9. ጊዜ።

ማሾ ለቀማ በደረሰ ጊዜ ክፍልሽ ባዶ ይሆናል። ዝጊው። ለቀማው ሲያልቅ ክፈቺው፤ ቀሪ ብለሽ ስማቸውን አትሰርዢ። ሙቀቱን አትርሺ፤ ከመግሪብ በኋላ ካልሆነ እዚህ አገር ቆርቆሮ ሥር ሰው አይቀመጥም፤ ጾምም ሆነ ረመዳን ሲገባ ሰዓቱን ከተማሪዎቹ ጋር ሆነሽ ቀይሪ። ሪፖርት ለሚጠይቁሽ አለቆች ደግሞ ይህን ንገሪያቸው፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1870 ከጥቁሮች 80 በመቶው ገደማ ፊደል አያውቅም ነበር፤ በ1900 ወደ 44 በመቶ ወረደ። ያ ሁሉ መምህር ተልኮ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ተዋጥቶ፣ 30 ዓመት ፈጀ። አንቺን በአንድ የበጀት ዓመት መሃይምነት አጥፊ ማለት ቀልድ ነው።

10. ስለ ዳይሬክተርነት።

በአባትሽ በኩል የላክሽብኝን ሰምቻለሁ። አልሆንም። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ሰው ያከብረኛል፣ እኔ ካለሁ ሁሉም ነገር የእኔ ይሆናል፤ እኔ ስቀር ይቀራል። ከእኔ ይልቅ ስለ ሚኞን ፎርድ አንብቢ። ባርቤዶስ ተወልዳ፣ ኒውዮርክ ኖራ፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት አዲስ አበባ መጥታ፣ በክፉውም ዘመን ሳትሄድ ቆይታ፣ የልዕልት ዘነበወርቅን ትምህርት ቤት የመሠረተች ናት። የባሪያ ልጅ ልጆች ከአትላንቲክ ማዶ መጥተው እኛን አስተማሩን ማለት ነው፤ ይህን ለተማሪዎችሽ ንገሪ፣ ደስ ይላቸዋል።

ከመጀመሪያው ዙር ተማሪዎችሽ አንዷን ምረጪ። ጎበዟን ሳይሆን፣ ጓደኛዋ ሲያቅታት ዞር ብላ የምታሳያትን። ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ፊደል የምታስቆጥረው እሷ ትሁን፤ ደሞዟን ገና ሳትጀምር ተነጋግረሽ በመዝገቡ ላይ ስሟን አስገቢ፣ እሷው ትፈርምበት። አሠሪዋ ከለከለች ብላ ብትመጣብሽ ያኔ እኔን ጥሪኝ፤ ለዚያ እመጣለሁ። ሒሳብም ቅዳሜ ቅዳሜ አስተምራለሁ፤ ማባዣውን ግን በቃላቸው አስይዘሽ ጠብቂኝ፣ ከዚያ በታች ለማስተማር ትዕግሥቴ አልቋል።